«ሰውየው ከየት ነው የተኮሰው?» በአነስተኛ በጀት የሚሠሩ የጫካ አክሽን ፊልሞችና የተመልካች ፍርድ

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብዙም በማይርቅ አንድ ቪዲዮ ቤት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ወደ ጥላ በሚነዳበት ጊዜ፣ ሃያ የምንሆን ሰዎች አንድ የጫካ ፊልም እናይ ነበር። እኛ ካለንበት ቤት የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ እየተንቋቋ፣ ፊልሙ ውስጥ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ስድስት የታጠቁ ሰዎች ቅጠል እየገፉ ሲሄዱ ድንገት ጥይት ጮኸ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ወደቀ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ «አቦ፣ ሰውየው ከየት ነው የተኮሰው?» ሲል ጠየቀ። ጓደኛው ከዛፍ ላይ ሳይሆን አይቀርም አለው፤ ሌላው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው ሲል ተከራከረ። ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ አልተገኘለትም። ሰዎቹ ሲወጡ ስለ ተዋናዮቹም ሆነ ስለ ታሪኩ ብዙ አላወሩም፤ በር ላይ ቆመው የተከራከሩት ስለዚያች አንዲት ጥይት ነበር።

ይህን ጥያቄ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ምክንያቱም በእንዲህ ዓይነት ፊልሞች ላይ ተመልካቾች ከሚሰነዝሯቸው አስተያየቶች አብዛኞቹ ሲፈተሹ ተመልሰው የሚያርፉት እዚሁ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ እንደሚታሰበው ሕዝቡ እነዚህን ፊልሞች የሚንቃቸው ርካሽ ስለሆኑ ነው ይባላል። እኔ ግን ባየሁትና በሰማሁት መጠን ነገሩ እንደዚያ አይመስለኝም። ተመልካች የገንዘብ እጥረትን በቀላሉ ያልፋል። የማያልፈው ያለ ገንዘብም ሊስተካከል ይችል የነበረን ጉድለት ነው።

አስቀድሞ ግን ስለ ነጥብ አሰጣጡ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዛሬ አንድ ወጣት ፊልም ለማውረድ ወይም በፍላሽ ለማስጫን ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚያየው ቁጥር ነው። አይኤምዲቢ የተባለው የፊልም ድረ ገጽ ተመልካቾች ከ1 እስከ 10 የሚሰጡትን ነጥብ ሰብስቦና አመዛዝኖ አንድ አማካይ ያወጣል። ሮተን ቶሜቶስ የተባለው ሌላ ድረ ገጽ በበኩሉ ከሃያሲያን ምን ያህሉ ፊልሙን እንደወደዱት በመቶኛ ያሳያል፤ 60 በመቶና ከዚያ በላይ ካገኘም ጥሩ ነው ብሎ ይመድበዋል። ሁለቱ የሚለኩት ነገር የተለያየ ሆኖ ሳለ፣ ሰው ግን እንደ አንድ ሚዛን ያያቸዋል። በአነስተኛ በጀት የተሠራ የጫካ ፊልም ደግሞ በአማካይ ቁጥር ከማይገለጹ ነገሮች አንዱ ነው። አንዱ ሰው 9 ይሰጠዋል፤ ሌላው 1 ሰጥቶ ይሄዳል፤ የሁለቱ ድምር ለሁለት ሲካፈል 5 ይሆናል። ይህ 5 ግን ከሁለቱ የአንዳቸውንም ስሜት አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. የወጣውና በሜሪላንድ ደን ውስጥ በጥቂት አሥር ሺዎች ዶላር ብቻ የተቀረጸው «ብሌር ዊች ፕሮጀክት» በዓለም ዙሪያ ወደ 248 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያስገባ፣ ከአዳራሹ የወጣው ሰው ግን ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ግማሹ እንቅልፍ አጥቶ አደረ፣ ግማሹ «ምን አየን?» ብሎ ተቆጣ። በአንድ አዳራሽ ውስጥ አንድ ዓይነት ፊልም ያዩ ሰዎች እንዲህ ከተለያዩ፣ አማካዩን ትቶ የተለያዩበትን ምክንያት መፈለግ ይሻላል።

ለመሆኑ ገንዘብ ያጠረው ፊልም ሠሪ ለምን ወደ ጫካ ይሄዳል? ከሩቅ ሲታይ መልሱ ቀላል ነው። ጫካ ተሠርቶ የቆየ መድረክ ነው፤ ሕንፃ መከራየት፣ መንገድ ማዘጋት፣ በመቶ የሚቆጠሩ አጃቢ ተዋንያን መቅጠር አያስፈልግም። አምስት ሰዎችን በቅጠል መካከል ማሯሯጥ ለ90 ደቂቃ ፊልም ይበቃል ተብሎ ይታሰባል። ከዚህም በተጨማሪ አገሮች ፊልም ሠሪዎችን ለመሳብ ገንዘብ ይመልሳሉ። ለምሳሌ ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 1556 መሠረት፣ አንድ የውጭ ፊልም በአገሪቱ ለቀረጻ አገልግሎት ካወጣው ወጪ 40 በመቶውን፣ ለሆቴል፣ ለምግብና ለመጓጓዣ ካወጣው ደግሞ 20 በመቶውን መልሶ የሚያገኝበትን መንገድ ከፍታለች። ስለዚህ ታሪኩ ጫካ ውስጥ የሚካሄደው ደራሲው ጫካ ስለፈለገ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የሒሳብ ሠራተኛው ስለፈለገውም ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት አሻሻጡ ነው። እንዲህ ዓይነት ፊልሞች ብዙውን ጊዜ ገና ሳይቀረጹ፣ በፖስተርና በአንድ የታወቀ ተዋናይ ስም ብቻ፣ ለየአገሩ አከፋፋዮች ይሸጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹና ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህን አሠራር ካስፋፉት መካከል ካነን ፊልምስ የተባለው ኩባንያ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውና ቸክ ኖሪስ የተወነበት «ሚሲንግ ኢን አክሽን» የዚሁ ኩባንያ ሥራ ሲሆን፣ የቬትናምን ጫካ የተካው የፊሊፒንስ ጫካ ነው። ሁለቱ ክፍሎች የተቀረጹት በተከታታይ ነበር፤ በመጀመሪያ እንዲወጣ የታሰበውም በኋላ «ሁለተኛ ክፍል» ተብሎ በ1985 ወጣ። የትኛው ታሪክ ከየትኛው እንደሚቀድም ሳይቀር በገበያ የሚወሰንበት ዓለም ነው። ዛሬም የስሙ ሽያጭ አልቀረም። ፖስተሩን ከዳር እስከ ዳር የሞላው ዝነኛ ሽማግሌ ተዋናይ፣ ፊልሙ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ በስልክ ሲያወራ 10 ደቂቃ ብቻ ይታያል። በዚህ ጉዳይ ድሬዳዋ ላይ ከሰማኋቸው ቅሬታዎች ሁሉ ይኼኛው የመረረው ነው። «ሰውየውን አይቼ ነው ያስጫንኩት» የሚል ሰው የተናደደው በበጀት ማነስ አይደለም፤ የተነገረው ነገር እውነት ስላልሆነ ነው።

ጫካ ርካሽ ነው የሚለው ሐሳብ ደግሞ ራሱ ትክክል አይደለም። ጥቅጥቅ ባለ የዝናብ ደን ውስጥ ከላይ ካለው የፀሐይ ብርሃን መሬት የሚደርሰው ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ነው። ካሜራ በዚህ ብርሃን እንዲሠራ ወይ ብዙ መብራትና ጄኔሬተር ጭቃ ውስጥ መጎተት ያስፈልጋል፣ ወይ ደግሞ ቀረጻውን ጫካው ሳስቶ ገላጣ ወደሆነበት ቦታ ማውጣት ያስፈልጋል። ድሃው ፊልም ሠሪ ሁለተኛውን ይመርጣል። በዚህም ምክንያት ነው «ጥልቅ ጫካ» የተባለው ቦታ መናፈሻ የሚመስለው፣ ከጀርባውም አንዳንዴ የተጠረገ መንገድ ብቅ የሚለው። ድምፁም እንዲሁ ነው፤ ጫካ ውስጥ የነፍሳት ጩኸት ስለማያቋርጥ ንግግሩ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀድቶ ይለጠፋል፤ ያኔ ተዋናዩ ሜዳ ላይ ቆሞ ድምፁ ከክፍል ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ተመልካቹ ይህን ሁሉ ቴክኒክ ላያውቀው ይችላል፤ ጆሮው ግን ያውቀዋል።

የጥይቱ ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በኒው ሜክሲኮ አንድ ፊልም ሲቀረጽ፣ የካሜራ ባለሙያዋ ሃሊና ሃቺንስ ከተዋናይ እጅ ከነበረ መሣሪያ በወጣ ጥይት ከተገደለች በኋላ፣ ብዙ አዘጋጆች ባዶ ጥይት እንኳ መጠቀም ትተው የአፈሙዙን ብልጭታ በኮምፒውተር መጨመር መርጠዋል። ለሠራተኞች ደኅንነት ሲባል ይህ ተገቢ ነው፤ ማንም ሊቃወመው አይገባም። ነገር ግን መሣሪያው በተኳሹ ትከሻ ላይ ካልተንቀሳቀሰ፣ የወደቀ ቀለህ ካልታየ፣ ብልጭታው በአጠገቡ ያለውን ቅጠል ካላበራ፣ ዓይን ይጠራጠራል። በእኛ አገር ደግሞ ይህን የሚያስተውል ሰው ብዙ ነው። በዚያው ቪዲዮ ቤት ቀድሞ ወታደር የነበሩ አንድ አባት አዘውትረው ይመጣሉ፤ አክተሩ ሲተኩስ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ይቆጥራሉ። የክላሽ ካዝና የሚይዘው 30 ጥይት ነው፤ በደቂቃ 600 በሚተኩስበት ፍጥነት ከተለቀቀ 3 ሰከንድ አይቆይም። አክተሩ ግን ካዝና ሳይቀይር ኮረብታ ሙሉ ሰው ይጨርሳል። እኚህ አባት ፊልሙን አቋርጠው አይወጡም፤ «አክተር አይሞትም» የሚለውን የቪዲዮ ቤት ሕግ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ይልቁንም «እሺ፣ ጥይቱስ አያልቅም?» ብለው አንድ ጊዜ ይጠይቁና ዝም ይላሉ።

እንግዲህ ተመልካቹ ይህን ሁሉ እያየ ምንኛ ይቅር እንደሚል ማሳየት ይቻላል። ከካምፓላ ሰፈሮች አንዱ በሆነው በዋካሊጋ ናብዋና አይዛክ የተባለው ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ2010 «ሁ ኪልድ ካፕቴን አሌክስ» የተሰኘ የአክሽን ፊልም ሠራ፤ ወጪውም ከ200 ዶላር በታች እንደነበር ተናግሯል። መሣሪያው የእንጨትና የቁርጥራጭ ብረት ነው፣ የሄሊኮፕተሩ ጥቃት የተሠራው በአሮጌ ኮምፒውተር ነው። በበጀት ብቻ ቢፈረድ ይህ ፊልም ከሁሉም በታች መሆን ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ በዓለም ዙሪያ የወደዱት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱም ፊልሙ ያልሆነውን ነኝ አላለም። የሠሩት ሰዎች ደስታ በየምስሉ ላይ ይታያል፤ ማን ማንን እንደሚያሳድድም ግልጽ ነው።

በሌላው ጫፍ ያለውን ብናይ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በሜክሲኮ ጫካ የተቀረጸው «ፕሬዳተር» ርካሽ ፊልም አልነበረም፤ ሆኖም የጫካ ፊልም ሁሉ የሚመዘንበት ስለሆነ ሳይነሳ አይታለፍም። መጀመሪያ የተሠራው፣ ሰዎቹን የሚያድነው አውሬ ልብስ የማያስፈራ ሆኖ በመገኘቱ ተጥሎ፣ በስታን ዊንስተን እጅ አዲስ እስኪሠራ ድረስ ዳይሬክተሩ ጆን ማክቲርናን የነበረው ጫካው፣ ሰባት ሰዎችና አድፍጦ የሚያያቸው የማይታይ ዓይን ብቻ ነበር። ፊልሙ ሲወጣ ሃያሲያን የተቀበሉት ተከፋፍለው ነበር፤ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ግን የተመልካቹ ፍቅር ጨመረ። እኔ እንደሚመስለኝ ምስጢሩ ጡንቻውም መሣሪያውም አይደለም። ሰባቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው በምን ያህል ርቀት እንዳሉ፣ የቀደመው ማን፣ የቀረው ማን እንደሆነ በየደቂቃው እናውቃለን፤ የማናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እርሱም አዳኙ ያለበት ቦታ። ልብ የሚንጠለጠለው ሌላው ሁሉ ታውቆ ያ አንዱ ነገር ሲጎድል ነው። በርካሾቹ ፊልሞች ውስጥ ግን የሁሉም ሰው ቦታ ስለማይታወቅ፣ የጠላትም አለመታየት ምንም አያስፈራም። የድሬዳዋው ጎልማሳ «ከየት ነው የተኮሰው?» ያለው ለዚህ ነው።

ቦታን ማስረዳት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ወንዝ፣ አንድ የተለየ ዛፍ፣ አንድ ድንጋይ መርጦ ሰዎቹ ሲያልፉበት ማሳየት፣ በኋላም ከዚያው ድንጋይ ወደ ወንዙ መመልከት ይበቃል። ከዚህ ይልቅ የምናየው ከድሮን የተነሳ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ምንጣፍ ነው፤ አንዳንዴም ያው ምስል በአንድ ፊልም ውስጥ ሦስት ጊዜ ይመጣል። ጊዜም እንዲሁ ይምታታል። በምድር ወገብ አካባቢ ጀምበር ፈጥና እንደምትጠልቅ እኛ በየቀኑ እናየዋለን፤ ፊልሙ ላይ ግን አመሻሹ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ቀን ሆኖ ይገኛል፣ ከዚያ በሰማያዊ ቀለም የተነከረ ሌሊት ይመጣል።

የወንዙን ትዕይንት በተመለከተ አንድ ያየሁትን ነገር ልናገር። በሌላ ቀን በተመሳሳይ ፊልም ላይ አክተሩ ጎርፍ የሞላውን ወንዝ ይሻገራል፤ ውኃው አንገቱ ድረስ ደርሶ ሲወጣ ፀጉሩ ደረቅ ነው፤ ጠመንጃውም ወዲያው ተኮሰ። በሌላ ከተማ ቢሆን ሳቅ ይሆን ነበር። እዚህ ግን ቤቱ ጸጥ አለ። የደቻቱ ጎርፍ ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሌሊት ሲመጣ በከተማው ብዙ ዝናብ አልነበረም፤ ውኃው የወረደው ደጋው ላይ ከዘነበው ዝናብ ነው፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ጎርፍ የሚመጣው በድምፅ መሆኑን፣ ድንጋይና ግንድ ይዞ እንደሚመጣ፣ የውኃው ቀለም ጭቃ እንጂ ሰማያዊ አለመሆኑን ከዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። አንዲት ሻይ የምታቀርብ እናት በሩ ላይ ቆማ እያየች «እንዲህማ አይሻገሩትም» አለችና ብርጭቆዎቿን ሰብስባ ወጣች። ከጻፍኳቸው አስተያየቶች ሁሉ ይህችን አጭር ቃል የሚያህል የለም። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ውኃ ለመቅረጽ ገንዘብ አጥተው ይሆናል፤ ነገር ግን ተዋናዩን አንድ ባልዲ ውኃ በራሱ ላይ እንዲያፈስ ለማድረግ ምን ወጪ አለው?

በእኛ ዘንድ የተመልካችን አስተያየት የሚያወሳስብ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ትርጉም ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ያስለመደን እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱ አማርኛ ተናጋሪ ያለው ትርጉም ነበር። በስልክና በፍላሽ የሚዞሩት የጫካ ፊልሞች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚተረጎሙት በአንድ ሰው ድምፅ ነው፤ አንዱ ተርጓሚ አክተሩንም ቦሱንም ሴቲቱንም ይናገራል፣ ያልተባለም ነገር ይጨምራል፣ በረጅም ዝምታ ላይ ወሬ ይሞላል። ዩጋንዳ ውስጥም ቪጄ የሚባሉ እንዲህ ዓይነት ተራኪዎች አሉ፤ የካፕቴን አሌክስ ፊልም ዝነኛ የሆነውም ቪጄ ኤሚ ከሚባለው ተራኪ ድምፅ ጋር ነው። ጎበዝ ተርጓሚ የጎደለውን ቦታ ይሞላል፤ «አሁን ከማዶው ኮረብታ ሆኖ ነው የሚያነጣጥረው» ካለ፣ ዳይሬክተሩ ያላሳየውን ኮረብታ ተመልካቹ በአእምሮው ይሠራዋል። ስለዚህ አንድ ልጅ «ያ ፊልም አሪፍ ነው» ሲለኝ ፊልሙን ይሁን ተርጓሚውን ያደነቀው መጠየቅ ልማዴ ሆኗል። በትርጉም ያየው ሰው ፊልሙን በእንግሊዝኛ ደግሞ ሲያይ ሐሳቡ ሲለወጥ አጋጥሞኛል፤ ይህም ሰውዬው ስለተሳሳተ ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ስላየ ነው።

እርግጥ ነው፣ ይህን ሁሉ ምርመራ ትርፍ ነው የሚሉ አሉ። ከሰዓት በኋላ ከባርጫ ጋር ሰዓት ለማሳለፍ የሚታይን ፊልም በድንጋይና በወንዝ መመዘን አያስፈልግም ይላሉ። ይህን አስተያየት አከብራለሁ፤ ደክሞት የተቀመጠ ሰው ጥይትና ሩጫ ቢፈልግ ነውር የለበትም። ሆኖም እነዚያው ሰዎች ናቸው ፊልሙ ሲያልቅ ሰዓታቸውን እያዩ «ጊዜያችንን በላው» የሚሉት። ጊዜ ማሳለፍና ጊዜ መበላት የተለያዩ መሆናቸውን ራሳቸው ያውቃሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን በጥይቱና በድምፁ ላይ የሚነሳው ቅሬታ ሳይሆን እምብዛም የማይነሳው ነው። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የጫካው ነዋሪ ፊት የለውም። ከቅጠል መካከል ወጥቶ ይተኩሳል፣ ይወድቃል፣ ስሙ አይጠራም፣ ቋንቋውም የማንም አይደለም። ታሪኩ አፍሪካ ውስጥ ሲሆን ደግሞ «አፍሪካ» የምትባል አንዲት አገር ብቻ ያለች ይመስላል። ድሬዳዋ በአንድ መንገድ ላይ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪ የሚሰማባት ከተማ ናት፤ እዚህ ያደገ ሰው ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ቋንቋቸውን ባይችል እንኳ የየት እንደሆነ ይገምታል። የማንም ያልሆነ ቋንቋ ሲሰማ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። አንድ የ15 ዓመት ልጅ «እነዚህ ሰዎች እውነት እንዲህ ነው የሚያወሩት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የዚያን ቀን ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ የበሰለው የእሱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህንን ሁሉ የማነሳው በከተማችን ፊልም ለመሥራት የሚሞክሩ ወጣቶች ስላሉ ነው። ጫካ የላቸውም፤ ያላቸው ግራር፣ ቁልቋል፣ የደንገጎ ዳገትና ከዝናብ ወራት ውጪ ደረቅ የሆነ የወንዝ አሸዋ ነው። በቅርቡ አራቱ በአንድ ስልክ የማሳደድ ትዕይንት ሲቀርጹ ለማየት ሄጄ ነበር። ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት አንዱ ተንበርክኮ በእንጨት አሸዋው ላይ ካርታ ሣለ፤ ለሚሸሸው ሰው ጠጠር፣ ለሚያሳድደው የውኃ ጠርሙስ ክዳን አስቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ ካሜራ ለያዘው ጓደኛው፣ «መጀመሪያ ግራሩን አሳየኝ፣ ቀጥሎ ልጁን። ከግራሩ ሥር ነው የሚተኩሰው» አለው። ጓደኛው ስልኩን ወደ ግራሩ አዞረ።